ከዋሻው እስከ ስታዲየሙ

ዜማ እንደ ማንኛውም አዝመራ ሁሉ ሕዝብ ከሚደክምበት ምድር ይበቅላል። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ግን ለምድሩ ባለቤት የሚመለስለት ምንድን ነው? ከቢትልስ ቡድን መሥራቾች አንዱ የነበረው ፖል ማካርትኒ በጁን 1 ቀን 2008 በትውልድ ከተማው በሊቨርፑል፣ በአንፊልድ ስታዲየም ያቀረበው ትርዒት ይህን ጥያቄ ለመመርመር የሚያመች ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በመርዚ ወንዝ አፍ የተቆረቆረችው ሊቨርፑል በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማገባደጃ፣ አፍሪካውያንን ወደ አሜሪካ እያጋዘ በሚሸጠው የባሪያ ንግድ ከአውሮፓ ወደቦች ሁሉ ግንባር ቀደም ነበረች። የእንግሊዝ ፓርላማ ንግዱን በ1807 በሕግ ከከለከለ በኋላም፣ በአሜሪካ ባሪያዎች የለቀሙት ጥጥ በዚችው ወደብ ይራገፍ ነበር። በ1950ዎቹ ደግሞ የከተማይቱ መርከበኞች ከኒውዮርክ ሲመለሱ ሸክላ ይዘው ይገቡ ጀመር። በሸክላው የተቀረጹት ብሉዝና ሮክ ኤንድ ሮል ሥራቸው የእነዚያ ባሪያዎችና የልጆቻቸው እንጉርጉሮ ነው። በሰንሰለት የተጋዘው ሕዝብ ድምፅ በዚያው ባሕር ተመልሶ የሊቨርፑልን ወጣቶች ጊታር አስነሣ።

ማካርትኒ ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ ነው። በ1942 ተወለደ፤ አባቱ የጥጥ ነጋዴዎች ተቀጣሪና የትርፍ ጊዜ ሙዚቀኛ፣ እናቱ አዋላጅ ነርስ ነበሩ። በ1957 ከጆን ሌነን ጋር ተዋወቀ። ከ1961 እስከ 1963 ቢትልስ «ካቨርን»፣ ማለትም «ዋሻ» በተባለው ክበብ ወደ 300 ጊዜ ያህል ተጫወቱ። ክበቡ ከመጋዘን ሥር ያለ ጠባብና ወበቃማ ምድር ቤት ነበር። የቢሮና የሱቅ ወጣት ሠራተኞች በምሳ ሰዓታቸው ሳይቀር ይጎርፉበት ነበር፤ ተጫዋቹም የአድማጩን ፊት አንድ በአንድ ያያል።

ዝና ይህን ቅርበት በጠሰው። በ1965 በኒውዮርክ ሼይ ስታዲየም ከ55,000 የሚበልጥ ሕዝብ ሲሰበሰብ፣ የዘመኑ የድምፅ ማጉያ ጩኸቱን ሊያሸንፍ ስላልቻለ ተጫዋቾቹ የራሳቸውን ሙዚቃ እንኳ በቅጡ አልሰሙም። በ1966 እየዞሩ ትርዒት ማሳየትን ተዉ፤ ከዚያ ወዲያ ድርሰታቸው በስቱዲዮ ውስጥ ተወሰነ።

ከተማይቱም አልቀናትም። ዕቃ በኮንቴይነር መጓጓዝ መጀመሩና የንግዱ አቅጣጫ መለወጡ የወደቡን ወዛደር ሥራ ነጠቁት። በ1981 ሥራ አጥነትና የፖሊስ በደል ያስመረረው የቶክስቴዝ ሰፈር ነዋሪ በአመፅ ተነሣ። ካቨርን ደግሞ ቀደም ብሎ በ1973፣ ለምድር ውስጥ ባቡር የአየር ማስገቢያ ጉድጓድ ይቆፈርበታል ተብሎ ተዘጋና ፈረሰ፤ ጉድጓዱ ግን ሳይቆፈር ቀረ። በ1984 ከቀድሞዎቹ ጡቦች ብዙዎቹ ተለቅመው ክበቡ እንደገና ተሠራ።

የአንፊልዱ ትርዒት የተካሄደው ሊቨርፑል የአውሮፓ የባህል መዲና በተባለችበት ዓመት ነው። ማካርትኒ ከ30,000 በላይ በሚሆን ሕዝብ ፊት፣ በ1967 የወጣውን «ኤ ዴይ ኢን ዘ ላይፍ» የተባለውን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ በመድረክ ተጫወተ፤ በ1980 የተገደለውን የሌነንን የሰላም መዝሙርም አስከተለበት። የሌነን ባለቤት ዮኮ ኦኖም ከታዳሚዎቹ መካከል ነበረች። ቡድኑ መድረክን ከተወ በኋላ የተወለደው ዜማ፣ ከ41 ዓመት በኋላ የትውልድ ከተማው ሕዝብ አብሮ የሚያዜመው ሆነ።

ይሁን እንጂ የስታዲየም ምሽት የቱንም ያህል ቢደምቅ ሲነጋ ተጠርጎ የሚያልቅ ነው። ዘላቂው ውለታ ሌላ ነው። ማካርትኒ የተማረበት የሊቨርፑል ኢንስቲትዩት ትምህርት ቤት በ1985 ተዘግቶ ሕንፃው ባዶውን ቀርቶ ነበር፤ እሱም ከሌሎች ጋር ተባብሮ በ1996 የትርዒት ጥበባት ተቋም እንዲሆን አደረገው። ዛሬ ወጣቶች ሙዚቃ፣ ተውኔትና ውዝዋዜ ይማሩበታል። ለምድሩ የሚመለሰው ዘር እንግዲህ ይኸ ነው፤ ነገ መልሶ ይበቅላልና። ጥበብን የወለደውን ቤት በጊዜው መጠበቅም ከፍርስራሽ ጡብ ከመልቀም እንደሚቀል፣ የካቨርን ታሪክ ለሁሉም ያስተምራል።