የድሮ ጊታር አምፕሊፋየር፤ ታሪኩ፣ አያያዙና የቃናው ነገር



በዕድር መጽሔት ላይ ስለ ጊታር አምፕሊፋየር መጻፍን ምን አመጣው የሚል አባል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ሩቅ አይደለም። አንድ ሙዚቃ ወዳድ ሰው ሲያርፍ፣ ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ቤተሰቡ ዕቃውን ይለያል። ልብሱ ለዘመድ፣ መጽሐፉ ለልጅ ይሰጣል። ጥግ ላይ ተቀምጦ የኖረው፣ ጨርቁ የተቀደደውና ሲከፍቱት የሚያጉረመርመው ከባድ ሳጥን ግን ወይ ለቆራሌው በኪሎ ይሸጣል፣ ወይም «እስቲ ይሠራ እንደሆነ» ተብሎ ሶኬት ላይ ይሰካል። የመጀመሪያው ታሪክ ያጠፋል፤ ሁለተኛው ሰው ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ የዚህን ዕቃ ታሪክና አያያዝ ባጭሩ ማቅረብ ጠቃሚ መስሎ ታይቶኛል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከየት ተነሣ?

ጊታር በባሕርዩ ድምፁ ለስላሳ ነው። በ1920ዎቹ በአሜሪካ የዳንስ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ከመለከትና ከሳክስፎን አጠገብ ሲቀመጥ ማን ይሰማዋል? ይህን ችግር ለመፍታት በሎስ አንጀለስ ከተማ ጆርጅ ቢቸምና አዶልፍ ሪከንባከር የሚባሉ ሰዎች በ1932 በማግኔትና በተጠቀለለ ሽቦ የሚሠራ ኤሌክትሪክ ጊታር ለገበያ አቀረቡ። ክሩ ሲመታ በሽቦው ውስጥ እጅግ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል። ይህ ሞገድ በሺህ እጥፍ ካልጎላ በቀር ስፒከር ማንቀሳቀስ አይችልም። እንግዲህ የአምፕሊፋየር ሥራ ይኸው ማጉላት ነው።

ማጉላቱን የሚሠራው ቫልቭ ነው። ቫልቭ ማለት አየሩ የወጣለት፣ አምፑል የሚመስል የብርጭቆ ዕቃ ሲሆን መሠረቱን በ1904 እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ ጣለ። በ1906 ደግሞ አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት በመካከሉ እንደ ወንፊት ያለ ሽቦ አገባበትና ደካማውን ምልክት የሚያጎላ ሆነ። አሠራሩ እንደ ቧንቧ ነው። መክፈቻውን በትንሽ ጉልበት ስናዞረው ብዙ ውኃ እንደሚወርድ ሁሉ፣ ከጊታሩ የመጣው ደካማ ሞገድ ወንፊቱን ሲነካው በቫልቩ ውስጥ ያለው ብርቱ ኃይል ይከፈታል ወይም ይጠባል።

ከሬዲዮ ጠጋኝ ቤት

ሊዮ ፌንደር የሚባለው ሰው የተማረው የሒሳብ ሥራ ነበር። በ1938 በካሊፎርኒያ ፉለርተን ከተማ የሬዲዮ ጥገና ቤት ከፈተ። ራሱ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ዳሩ ግን የከተማው ሙዚቀኞች የተበላሸ ማጉያቸውን ይዘውለት ስለሚመጡ ምኑ ቶሎ እንደሚሰበር፣ ምኑ እንደሚቃጠል ከማንም በላይ ዐወቀ። በ1946 በስሙ የተጠራውን ኩባንያ ሲያቋቁም ያወጣቸው ማጉያዎች የጠጋኝ ሰው ሥራ መሆናቸው ያስታውቃል። ዕቃዎቹ በአንድ ሰሌዳ ላይ ተዘርግተው የተበየዱ ስለሆኑ እያንዳንዱን ለብቻው ነቅሎ መለወጥ ይቻላል። የትኛው ቫልቭ የት እንደሚገባ የሚያሳይ ወረቀትም ከሳጥኑ ውስጥ ተለጥፎ ይገኛል። ከስልሳና ከሰባ ዓመት በኋላ እነዚያ ማጉያዎች ዛሬም የሚሠሩት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሲሠሩ እንዲጠገኑ ሆነው ነው የተሠሩት። ፌንደር ኩባንያውን በ1965 ለሲ.ቢ.ኤስ. በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፤ በ1991 አረፈ።

በለንደን ደግሞ ጂም ማርሻል የሚባል የከበሮ ተጫዋችና አስተማሪ በ1960 በሃንዌል ሠፈር የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ከፈተ። ወጣቶቹ ጊታር ተጫዋቾች ከሱቁ እየመጡ ከአሜሪካ የሚገባው ማጉያ ዋጋው እንደማይቀመስ፣ የሚፈልጉትንም ድምፅ እንደማይሰጣቸው ያማርሩ ነበር። በ1962 የሱቁ ጠጋኝ ኬን ብራንና ወጣቱ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ደድሊ ክሬቨን የፌንደርን «ቤዝማን» ማጉያ መሠረት አድርገው ጄቲኤም45 የተባለውን ሠሩ። ንድፉ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ነገር ግን ትራንስፎርመሩ የእንግሊዝ ሆነ፤ መጀመሪያ ላይ የሚገባው ቫልቭ ይበልጥ የሚያጎላ ሆነ፤ በጀርባው ክፍት በሆነ ሳጥን ፈንታ አራት ባለ 12 ኢንች ስፒከሮች የያዘ ዝግ ሳጥን ተደረገለት። በእነዚህ ለውጦች ብቻ ቃናው ሌላ ሆኖ ቁጭ አለ። በ1966 ወደ ለንደን የመጣው ጄምስ ማርሻል ሄንድሪክስ፣ ማለትም ጂሚ ሄንድሪክስ፣ ያንን ቃና በዓለም አሰማው።

ጉድለት ቃና ሲሆን

ፌንደር የደከመው ድምፁ ጥርት ብሎ እንዲጎላ ነበር። ማጉያው ከዐቅሙ በላይ ሲገፋ የሚያወጣውን መሻከር እንደ ጉድለት ያየው ነበር። ሙዚቀኞቹ ግን ጉድለቱን ወደዱት። በ1951 በሜምፊስ ከተማ በሳም ፊሊፕስ ስቱዲዮ «ሮኬት 88» የተባለው ዘፈን ሲቀረጽ የጊታር ተጫዋቹ የዊሊ ኪዛርት ማጉያ ተጎድቶ ነበር። ወረቀት ጠቅጥቀውበት ቀረጹት፤ የሚያንጎራጉረውም ድምፅ ተወደደ። በ1964 ደግሞ የኪንክስ ባንድ ጊታር ተጫዋች ዴቭ ዴቪስ ይህንኑ ዓይነት ድምፅ ፍለጋ የትንሽ ማጉያውን ስፒከር ሆን ብሎ በምላጭ ቀደደው።

ይህ ለፈረንጅ አዲስ ነገር ይምሰል እንጂ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በገናን ያስተዋለ ሰው ያውቀዋል። ከአሥሩ አውታሮች ሥር፣ ከብርኩማው ላይ እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይደረጋል። አውታሩ ቆዳውን እየነካ ስለሚርገበገብ ያ የምናውቀው የሚያጉረመርም፣ ልብ የሚነካ ድምፅ ይወጣል። እንዚራው ትንሽ ቢዛነፍ ቃናው ይጠፋል። ደርዳሪው ከመጀመሩ በፊት አንድ በአንድ የሚያስተካክለው ለዚህ ነው። አባቶቻችን ድምፅ ሁሉ ጥርት ማለት እንደሌለበት፣ መሻከሩም ልክ እንዳለው ጥንት ዐውቀውት ኖረዋል። የድሮ አምፕሊፋየር ጥበብም ያው ነው፤ የትኛው ጉድለት መጠገን እንዳለበት፣ የትኛው እንዲቀር መተው እንዳለበት ለይቶ ማወቅ።

ትራንዚስተር በ1947 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ከተፈለሰፈ በኋላ ቫልቭ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ቀስ በቀስ ወጣ። ትራንዚስተር ቀላል፣ ርካሽና እንደ ቫልቭ የማይግል ነው። ነገር ግን ከዐቅሙ በላይ ሲገፋ ድምፁን በድንገት ይቆርጠዋል፤ ቫልቭ ደግሞ ቀስ እያለ ያጠፈዋል። ለጆሮ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ስለዚህም በአውሮፓና በአሜሪካ የነበሩት ታላላቅ የቫልቭ ፋብሪካዎች በ1980ዎቹ ሲዘጉ የጊታር ተጫዋቾች ቫልቭን አልተዉም። ዛሬ የሚመጣው በብዛት ከሩስያ፣ ከስሎቫኪያና ከቻይና ነው። በመጋቢት 2022 ሩስያ ወደ ውጭ መላኩን ለጊዜው ባቆመች ጊዜ ገበያው ታወከ። ስለሆነም የሚሠራ አሮጌ ቫልቭ ያለው ሰው «አሮጌ ነው» ብሎ አይጣለው።

በአገራችንም ኤሌክትሪክ ጊታር በክብር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራ፣ ኋላም በአይቤክስና በዋልያስ ባንድ ገኗል። አምሃ እሸቴ በ1969 ሸክላ ማሳተም ከጀመረ ወዲህ ያ ድምፅ በየቤቱ ገብቷል። ከዚያ ዘመን የተረፈ ማጉያ በእጁ ያለ ሰው ቅርስ መያዙን ይወቅ።

አያያዙ

አንደኛ፦ ከሁሉ በፊት የሕይወት ነገር ነው። በቫልቭ ማጉያ ውስጥ 400 ቮልትና ከዚያም በላይ ይገኛል። ኮንደንሰሮቹ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ኃይሉን ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። «ነቅዬዋለሁ እኮ» ብሎ ውስጡን መንካት አይገባም። ባለሙያው በሬዚስተር አድርጎ ያራግፋል፤ መራገፉንም በቴስተር ለክቶ ያረጋግጣል። ይህን የማያውቅ ሰው ሳጥኑን አይክፈት።

ሁለተኛ፦ የአሜሪካ ማጉያ የተሠራው ለ110 ወይም ለ120 ቮልት ነው። የኛ መስመር 220 ቮልት ነው። ያለ መቀነሻ ትራንስፎርመር መሰካት ማቃጠል ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ መሰካት ክልክል ይሁን።

ሦስተኛ፦ የድሮዎቹ ገመድ ባለ ሁለት ሽቦ ነው። ባለ ሦስት ሆኖ መሬት እንዲይዝ ማድረግ የግድ ነው፤ አለዚያ የጊታሩን ክርና ማይክሮፎኑን ባንድ ላይ የነካ ዘፋኝ ሊመታ ይችላል። «የጥንቱ መልክ አይነካ» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አይሠራም።

አራተኛ፦ ፊውዝ በተጻፈለት ልክ ይሁን። በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ ማስገባት ቤት ያቃጥላል።

አምስተኛ፦ ማጉያው ማንም ሳይነካው የሚያጉረመርም ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማጣሪያ ኮንደንሰሮቹ ነው። እነዚህ በሃያ ዓመት ገደማ ውስጣቸው ይደርቃል፤ ቢሠራባቸውም ባይሠራባቸውም ያረጃሉ። ይህ መተው ያለበት ጉድለት አይደለም፤ መለወጥ አለባቸው። ለብዙ ዓመት የተቀመጠ ማጉያም ባንድ ጊዜ ሙሉ ኃይል አይሰጠው። ባለሙያ ቮልቱን ቀስ በቀስ ከፍ እያደረገ ያስነሣው።

ስድስተኛ፦ ስፒከሩ ሳይያያዝ ማጉያው ፈጽሞ አይከፈት። የመውጫ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል፤ እሱን ማግኘት ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። የስፒከሩም ኦም፣ 4 ወይም 8 ወይም 16፣ ማጉያው ከሚጠይቀው ጋር ይመሳሰል።

ሰባተኛ፦ የመጨረሻዎቹ ትላልቅ ቫልቮች ቶሎ ያረጃሉ፤ ትንንሾቹ ብዙ ዓመት ይኖራሉ። የትልቁ ቫልቭ ውስጠኛ ብረት እንደ ፍም ከቀላ ባስቸኳይ ይጥፋ። ትንሹን ቫልቭ በእርሳስ ጫፍ ቀስ ብሎ መታ ሲያደርጉት በስፒከሩ ውስጥ ቢጮህ ተራው ደርሷል ማለት ነው። ባለሙያው የተበላሸውን ብቻ ይለውጥ እንጂ ሁሉን አይንቀል፤ ከወጣውም ውስጥ የሚረባው በፖስታ ተደርጎ ከሳጥኑ ጋር ይቀመጥ።

ቃናን ስለ መፈለግ

ብዙ ሰው ትልቅ ማጉያ ትልቅ ድምፅ ይመስለዋል። የ100 ዋት ማጉያ ከ10 ዋቱ አሥር እጥፍ አይጮህም፤ ለጆሮ የሚሰማው ሁለት እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ቫልቩ ደግሞ ጣዕሙን የሚሰጠው ሲሠራ ነው። ስለዚህ ለአንድ ክፍል ትንሽ ማጉያ ከፍ አድርጎ መክፈት ትልቁን አፍኖ ከማስቀመጥ ይሻላል። የወፍራሙና የቀጭኑ ድምፅ ማዞሪያ በመጀመሪያ መሐል ላይ ይሁን። ከዚያ አንዱን ብቻ እያዞሩ ማዳመጥ ነው፤ ሁሉን ባንድ ጊዜ የሚነካካ ሰው ምኑ እንደለወጠው አያውቅም። ሳጥኑን ከሲሚንቶ ወለል ወንበር ላይ ማንሣትም የወፍራሙን ድምፅ መጨናነቅ ይቀንሳል።

መሻከሩንም እንደ ዜማው መመጠን ነው። ሁለት ኖታ ባንድ ላይ ሲመታ የተገፋ ማጉያ የሁለቱን ድምርና ልዩነት ከራሱ ይጨምርበታል፤ ስለዚህ ይደበላለቃል። ትዝታን ወይም አንቺሆዬን በአንድ አንድ ክር ለሚጫወት ሰው ትንሽ መሻከር ያምርለታል። ብዙ ክር ባንድ ላይ ለሚመታ ግን ድምፁን መቀነስ ይሻላል። ዳኛው ጆሮ ነው።

በማጠቃለያው፣ ዕድራችን ድንኳኑ ሲቀደድ ሰፍቶ፣ ብረት ድስቱ ሲበሳ አስበይዶ የኖረ ማኅበር ነው። ጥገናን ማንም አያስተምረንም። ሟች ትቶት የሄደ የሙዚቃ ማጉያ በየትኛውም አባል ቤት ቢገኝ እንግዲህ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ አይሰካ፣ አይሸጥ፣ ባለሙያ ይየው። ከታየ በኋላ ቤተሰቡ ቢሸጠውም መብቱ ነው። ግን ምን እንደሚሸጥ ዐውቆ ይሸጥ።