መርከብ ያስቆመ አሮጌ ድልድይ

አሮጌ ድልድይ ፈረሰ ብሎ የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም። እንዳይፈርስ በአገር ደረጃ ሕግ የወጣለት ድልድይ ግን አንድ አውቃለሁ። ታሪኩ የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት የፎል ሪቨር ከተማ ነው። (ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ፎል ሪቨር በታንተን ወንዝ ዳር የተቆረቆረች፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቿ ከተዘጉ ወዲህ ኑሮ የከበዳት የሠራተኛ ከተማ ናት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዊቨርስ ኮቭ ኤነርጂ የተባለ ኩባንያ፣ ቀድሞ የነዳጅ ማከማቻ በነበረ የወንዝ ዳር ቦታ ላይ፣ ከባሕር ማዶ በመርከብ የሚመጣ የተፈጥሮ ጋዝ ማራገፊያ ልሥራ አለ። ጋዝ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሲደርስ ፈሳሽ ይሆናል፤ መጠኑም 600 ጊዜ ያህል ያንሳል። በመርከብ መጫን የተቻለውም በዚህ ነው። ከዕቃው ካመለጠ ግን ተመልሶ ጋዝ ይሆንና የእሳት ፍንጣሪ ይጠብቃል።

ነዋሪው የፈራው ያለ ምክንያት አልነበረም። ኦክቶበር 20 ቀን 1944 በክሊቭላንድ ከአንድ ማጠራቀሚያ ያመለጠ ፈሳሽ ጋዝ በፍሳሽ ቦዮች ገብቶ ሲፈነዳ 130 ያህል ሰዎች አልቀዋል። ያ የጦርነት ዘመን ብረት ጥፋት ነው፣ ዛሬ ሁሉም ተሻሽሏል ይባላል፤ ሐሰትም አይደለም። ይሁንና ከ2001ዱ የሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ የባሕር ጠረፍ ጥበቃው ራሱ እነዚህን መርከቦች ከቦስተን ወደብ ለጊዜው አግዶ ነበር። መንግሥት ለቦስተን የፈራውን የፎል ሪቨር እናት ለልጆቿ ብትፈራ ማን ይፈርድባታል?

ከንቲባው ኤድዋርድ ላምበርት ሳይቀሩ ተቃወሙ። የፌዴራሉ የኃይል ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ግን በ2005 ፈቀደ። በዚያው ዓመት ኦገስት 8 ቀን ፕሬዚዳንት ቡሽ የፈረሙት ሕግ ደግሞ፣ በየብስ ላይ የሚሠሩትን ማራገፊያዎች የመፍቀድ ሥልጣን የዚሁ ኮሚሽን ብቻ እንዲሆን ደነገገ። ከተማዋ በገዛ ደጇ ጉዳይ ተመልካች ሆነች።

ድልድዩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ1908 የተከፈተው የብራይትማን ስትሪት ድልድይ መርከብ ሲመጣ መካከሉ እየተከፈተ ይነሣ ነበር፤ ክፍተቱ ግን 30 ሜትር ገደማ ነው። ትልልቆቹ የጋዝ መርከቦች በዚያ አያልፉም። አጠገቡ ሰፊ አዲስ ድልድይ እየተሠራ ስለ ነበር አሮጌው ሊፈርስ ታስቦ ነበር፤ ኩባንያውም የተማመነው በዚህ ነው። የምክር ቤት አባሉ ጄምስ መክገቨርን ታዲያ በአገሪቱ የመንገዶች ሕግ ውስጥ አንዲት አንቀጽ አስገቡ፦ አሮጌው ድልድይ በፌዴራል ገንዘብ አይፈርስም፣ ለእግረኛና ለብስክሌት ይቆያል። ቡሽ ይህንንም ፈረሙ፤ ኦገስት 10፣ ከኃይሉ ሕግ ሁለት ቀን በኋላ! አንቀጿን አስተውለዋት እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

ኩባንያው ጠበብ ያሉ መርከቦች አመጣለሁ አለ። የጠረፍ ጥበቃው በ2007 ተቀራርበው በቆሙ ሁለት ድልድዮች መካከል እንዲህ ያለ ጭነት ማመላለስ አይሆንም ሲል መለሰ። ቀጥሎ መርከቡ ማውንት ሆፕ ባሕረ ሰላጤ ላይ ይቁምና ጋዙ በውኃ ሥር በቧንቧ ይምጣ ተባለ። ያም ሲጓተት ከርሞ ጁን 2011 ኩባንያው ዕቅዱን ተወ።

ድሉን ሁሉ ለሕዝቡ መስጠት ታሪክን ማሳመር ይሆናል። በእነዚያ ዓመታት አሜሪካ ከአለት ንጣፍ ውስጥ ጋዝ ማውጣት ሰምሮላት የጋዝ ዋጋ ወድቆ ነበር። በሉዊዚያና ጋዝ ለማስገባት በ2008 የተከፈተው የሳቢን ፓስ ማራገፊያ እንኳ በ2016 ወደ ውጭ መላክ ጀምሯል። ተቃዋሚዎቹ ሥራውን አዘገዩት፤ የቀረውን ገበያው ጨረሰው። ባያዘገዩት ኖሮ ግን ገበያው ሲዞር ማጠራቀሚያው ወንዙ ዳር ተገትሮ ይጠብቀው ነበር።

አዲሱ ድልድይ በዚያው በ2011 ተከፈተ። አሮጌውም ለመኪና የተዘጋው ኩባንያው ከሄደ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው።