የገበያ መዘጋትና የአገልጋይ ዕረፍት

በዕለተ ሰንበት ሱቅ ይዘጋ ወይስ ይከፈት የሚለው ጥያቄ ለዘመናችን ሰው የከተማ ኑሮ ያመጣው አዲስ ክርክር ይመስለዋል። ነገሩ ግን ከነቢያት ዘመን ጀምሮ ነገሥታትንና ሊቃውንትን፣ ነጋዴዎችንና ሠራተኞችን ሲያነጋግር የኖረ ነው። ይህን ጉዳይ ሊመረምር የሚወድ ሰው የሳዑዲ ዐረቢያን ዋና ከተማ ሪያድን ቢመለከት ብዙ ይማራል። በሪያድ እሑድ የሥራ ሳምንት መጀመሪያ ነው። ገበያዋም በሃይማኖት ትእዛዝ በየጸሎቱ ሰዓት ሲዘጋ ኖሮ በቅርብ ዓመታት በመንግሥት ፈቃድ የተከፈተ ነው። በውስጧም ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ ይልቁንም እኅቶች፣ በሰው ቤት አገልግሎት ይኖራሉ። እንግዲህ የገበያ መዘጋት ለማን እንደሚጠቅምና ለማን እንደማይደርስ ከዚያች ከተማ ታሪክ ለመረዳት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የነገሩን ምንጭ ማየት ይገባል። የሰንበት ትእዛዝ በኦሪት በተሰጠ ጊዜ ያረፉ ዘንድ የታዘዙት ባለቤቱና ልጆቹ ብቻ አልነበሩም፤ ወንድ ባሪያና ሴት ባሪያ፣ እንስሳትና በደጅ ውስጥ ያለ መጻተኛ በስም ተጠርተዋል። ኦሪት ዘዳግምም የዚህን ምክንያት ሲገልጽ እስራኤል ራሳቸው በግብፅ ባሮች እንደ ነበሩ ያሳስባል። ስለዚህ ሰንበት ከመጀመሪያው ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ክብርና ለደከመ አገልጋይ የሚደረግ ምሕረት ሆኖ በአንድነት ተሰጠ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ነህምያ በኢየሩሳሌም ገዥ በነበረ ጊዜ፣ በሰንበት ወይን ሲረግጡና ሸክም ሲያስገቡ፣ የጢሮስ ሰዎችም ዓሣ ሲሸጡ አገኘ። እርሱም ከሰንበት ዋዜማ ምሽት ጀምሮ የከተማው በሮች እንዲዘጉ አዘዘ፤ ነጋዴዎቹም አንድ ሁለት ጊዜ ከቅጥሩ ውጭ አድረው በግሣጼው ቀሩ። ከእርሱ በፊት የነበረው ነቢዩ አሞጽ ግን ሱቃቸውን ዘግተው ሳለ ልባቸው ሰንበቱ አልፎ በሐሰተኛ ሚዛን ድኻውን እስኪያታልሉ የሚቸኵል ነጋዴዎችን ወቅሷል። ከነህምያ በር በሕግ ሊዘጋ እንደሚችል፣ ከአሞጽ ደግሞ በሩ ሲዘጋ ልብ አብሮት እንደማይዘጋ እንማራለን።

በክርስቲያን መንግሥት በኩል የእሑድን ዕረፍት በሕግ ያጸና የመጀመሪያው ንጉሥ ታላቁ ቈስጠንጢኖስ ነው። በ321 ባወጣው ዐዋጅ ዳኞችና የከተማ ሰዎች፣ የእጅ ጥበብ ሠራተኞችም በዕለተ እሑድ እንዲያርፉ አዘዘ። ገበሬዎች ግን የዘርና የአዝመራ ጊዜ እንዳያልፍባቸው ሥራቸውን ይሠሩ ዘንድ ፈቀደላቸው። በዚያው መቶ ዓመት በሎዶቅያ የተሰበሰበው ጉባኤም ምእመናን እሑድን እንዲያከብሩና ቢቻላቸው ከሥራ እንዲያርፉ ደነገገ። ቢቻላቸው የሚለው ቃል ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ ብዙዎቹ ምእመናን በሰው እጅ ያሉ አገልጋዮች ስለ ነበሩ ዕረፍታቸው በራሳቸው ፈቃድ እንዳልነበረ አባቶች ያውቁ ነበርና። በ4ኛው መቶ ዓመት በሐዋርያት ስም የተሰበሰቡት ቀኖናዎች ደግሞ ነገሩን ወደ ጌታው ፊት አቀረቡት። አገልጋዮች አምስት ቀን እንዲሠሩ፣ በቀዳሚት ሰንበትና በእሑድ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ይማሩ ዘንድ ከሥራ ነጻ እንዲሆኑ አዘዙ።

በሀገራችን ስለ ሰንበት የተደረገው ታላቅ ክርክር ስለ ሱቅ አልነበረም፤ ስለ ቀኑ ነበር። በ1352 በአርመን ሀገር ያረፉት አቡነ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርታቸው ከእሑድ ጋር ቀዳሚት ሰንበትም ትከበር በማለታቸው ብዙ ስደትና መከራ ተቀበሉ። ዐፄ ዳዊት በ1404 በሥርዓታቸው እንዲኖሩ ፈቀዱላቸው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመንም በ1450 በደብረ ምጥማቅ የተሰበሰበው ጉባኤ ሁለቱ ሰንበታት እንዲከበሩ ወስኖ የቤተ ክርስቲያንን መለያየት ፈጸመ። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተሰብስቦ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም ስለ ሰንበታትና ስለ በዓላት አንቀጽ አለው። አበው ስለ ቀኑ ሲከራከሩ ከላይ የተጠቀሰው የአምስት ቀን ሥራና የሁለት ቀን ዕረፍት ቀኖና በእጃቸው ነበር። እንዲህ ስለ ሆነ የኢትዮጵያ ምእመን ስለ ሰንበት ሲናገር ስለ ቀኑ ክብር ብቻ ተናግሮ ስለ አገልጋዩ ዝም ሊል አይገባውም።

ወደ ሪያድ እንመለስ። ዐብዱልዐዚዝ ኢብን ሳዑድ በ1902 የመስመክን ምሽግ በያዘ ጊዜ ሪያድ በጭቃ ቅጥር የተከበበች ትንሽ ከተማ ነበረች። መንግሥቱ በ1932 ሳዑዲ ዐረቢያ ተብሎ ከተሰየመና በ1938 ነዳጅ ዘይት ከተገኘ በኋላ እያደገች ሄዳ፣ በ2022 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ 7 ሚሊዮን ያህል ሰው ተገኝቶባታል። በእስልምና ሃይማኖት የዓርብ ቀን ትርጕም ከኦሪት ሰንበት ይለያል። ቍርኣን ምእመኑ ለዓርብ ጸሎት በተጠራ ጊዜ ንግዱን እንዲተው፣ ጸሎቱም ሲፈጸም ወደ ጕዳዩ እንዲሰማራ ያዝዛል። ስለዚህ የተከለከለው የጸሎቱ ሰዓት ንግድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ማረፍ ግዴታ ሆኖ አልተጻፈም። በሳዑዲ ዐረቢያ ይህ ሥርዓት በየቀኑ ጸሎት ሁሉ ላይ ተዘርግቶ ኖረ። የአዛን ድምፅ ሲሰማ የሱቁ መዝጊያ ይወርዳል፤ መልካምን የሚያዝዘውና ክፉን የሚከለክለው ኮሚሽን ሰዎች፣ ሕዝቡ ሙጠዋ የሚላቸው፣ በየገበያው እየዞሩ ይቈጣጠሩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ በጥቂት ዓመታት ተለወጠ። ሐሙስና ዓርብ የነበረው የሳምንቱ ዕረፍት በሰኔ ወር 2013 በንጉሥ ዐብዱላህ ትእዛዝ ወደ ዓርብና ቅዳሜ ተዛወረ፤ ምክንያቱም ከሌላው ዓለም ባንክና ንግድ ጋር የሚገናኙት የሥራ ቀኖች እንዲበዙ ነበር። በሚያዝያ ወር 2016 የኮሚሽኑ ሰዎች ሰውን የማሳደድና የመያዝ ሥልጣናቸው ተነሣ። በ2019 ንግድ ቤቶች ክፍያ እየከፈሉ 24 ሰዓት ይሠሩ ዘንድ ተፈቀደ። በሐምሌ ወር 2021 ደግሞ የንግድ ምክር ቤቶች ፌዴሬሽን ሱቆች በጸሎት ሰዓት ጭምር ክፍት ሆነው እንዲቈዩ በደብዳቤ አስታወቀ። በሃይማኖት ሥርዓት ለብዙ ዘመን ሲዘጋ የኖረ ገበያ በእነዚህ ጥቂት ዓመታት ሌሊትና ቀን የሚከፈት ሆነ።

በዚህ ሁሉ ለውጥ መካከል በሱቁ ውስጥ የሚቆመው ተቀጣሪ ምን አገኘ? ገበያው በየጸሎቱ ይዘጋ በነበረበት ጊዜ ከሩቅ ሀገር የመጣው ሠራተኛ በዚያች ግማሽ ሰዓት ወደ ቤቱ ሄዶ አያርፍም ነበር። ከመዝጊያው በስተውስጥ ወይም በስተውጭ ተቀምጦ እስኪከፈት ይጠብቃል፤ የጠፋውም ሰዓት በሌሊቱ ላይ ይጨመርበታል። ገበያው ከተከፈተ በኋላም የሌሊት ተራ መጣበት። ይህ ማለት የጸሎት ሰዓት መዘጋቱ ከንቱ ነበር ማለት አይደለም፤ ለታሰበለት ጕዳይ፣ ማለት ለጸሎት ክብር፣ አገልግሏል። ለሠራተኛው ዕረፍት ግን ሌላ ሕግ ያስፈልግ ነበር። እርሱም በ2005 በወጣው የሥራ ሕግ 104ኛ አንቀጽ ተጽፎ ይገኛል። በዚህ አንቀጽ ዓርብ የሠራተኞች ሁሉ የዕረፍት ቀን ነው፤ አሠሪው ለሚመለከተው የሥራ መሥሪያ ቤት አስታውቆ ለአንዳንዶቹ በሌላ ቀን ሊለውጠው ይችላል፤ ሠራተኞችም የሃይማኖት ግዴታቸውን እንዲፈጽሙ ሊፈቀድላቸው ይገባል፤ ዕረፍቱም በገንዘብ አይለወጥም።

ሕጉ በጎ ነው፤ ነገር ግን የቤት ሠራተኞች ከዚህ ሕግ ውጭ ሆነው ቀሩ። በሪያድ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያት እኅቶች ብዙዎቹ የሚሠሩት ሱቅ በሌለበት፣ የሚወርድም መዝጊያ በማይታይበት በሰው ጓዳ ውስጥ ነው። በሐምሌ ወር 2013 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ስለ ቤት ሠራተኞች ልዩ ደንብ አጽድቆ በቀን ዘጠኝ ሰዓት፣ በሳምንትም አንድ ቀን ዕረፍት እንዲሰጣቸው ወሰነ። ሆኖም የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ፣ በካፊሏ፣ እጅ ለሆነና ደጁም ለተቈለፈባት ሴት በወረቀት የተጻፈ ቀን በራሱ አይደርስላትም። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ሠራተኞች ሲያዙ ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩበት በመንፉሓ ሰፈር ሁከት ተነሥቶ ሰው ሞተ። በጥቂት ወራት ውስጥም ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። በጸሎት ረገድም በዚያች ሀገር ቤተ ክርስቲያን መሥራትና በአደባባይ መቀደስ ስላልተፈቀደ ክርስቲያን ሠራተኛ ዕረፍት በሚያገኝበት ቀን በቤት ውስጥ ከመጸለይ በቀር ሌላ መንገድ የለውም። በታኅሣሥ ወር 2011 በጅዳ ከተማ በአንድ ቤት ለጸሎት ተሰብስበው የተያዙት 35 ኢትዮጵያውያን የተሰበሰቡት በዕለተ ሐሙስ ነበር፤ ሐሙስ በዚያን ጊዜ ከዕረፍት ቀኖች አንዱ ነበረና።

እዚህ ላይ ሱቅ በዕረፍት ቀን ይከፈት የሚሉትን ሰዎች ነገር አለመስማት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ስድስት ቀን በሥራ የታሰረ ድኻ ዳቦና ልብስ የሚገዛው፣ ለእናቱ ገንዘብ የሚልከው በሰባተኛው ቀን ነው። በሪያድ በበጥሓ ገበያ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መንገዱን የሚሞላው ከየሀገሩ የመጣ ሠራተኛ ነው። ያ ገበያ ቢዘጋበት ሌላ ቀን የለውም። ነገር ግን ለእርሱ የሚሸጥለት ሰውም እንደ እርሱ ተቀጣሪ ነው፤ የአንዱ ዕረፍት የሌላው ድካም ይሆናል። ሌሎች ሀገሮችም ይህን ችግር በየመንገዳቸው ለመፍታት ሞክረዋል። በእንግሊዝና በዌልስ በ1994 የወጣው ሕግ ትልልቅ ሱቆች በእሑድ ከስድስት ሰዓት ለማይበልጥ ጊዜ ብቻ እንዲከፈቱ ይፈቅዳል፤ መንግሥት ይህን ለማላላት በ2016 ያቀረበው ሐሳብ በምክር ቤት በ317 ድምፅ በ286 ላይ ተሸነፈ። በጀርመን የእሑድ ዕረፍት በ1919 በሕገ መንግሥት ተጽፎ በ1949 በድጋሚ የጸና ሲሆን፣ የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት በ2009 በበርሊን ከገና በፊት ያሉት አራት እሑዶች ሁሉ ለንግድ መከፈታቸውን ከልክሏል። እነዚህ ሀገሮች ሱቁን ፈጽሞ አልዘጉትም፤ በተቀጣሪው ትከሻ ላይ የሚወድቀውን ሸክም ግን ወሰን አበጁለት።

ስለ ሪያድ ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ በሌላው ሀገር ላይ ለመፍረድ እንዳይቸኵል የራሱን ቤት ቢመለከት ይሻለዋል። በሀገራችን የሚመሰገን ልማድ አለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በዕለተ ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 ሰዓት ሥራ የሚያቋርጡት ሙስሊም ወንድሞች ወደ ጸሎታቸው ይሄዱ ዘንድ ነው። በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156ም ለሠራተኛ በሰባት ቀን ውስጥ ያልተቋረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል። ነገር ግን ይኸው ዐዋጅ የቤት ሠራተኛን ሥራ ለልዩ ደንብ ትቶ ከራሱ ውጭ አድርጎታል። ሪያድ የተወቀሰችበት ጓዳ በአዲስ አበባም፣ በጎንደርም፣ በደሴም አለ። እሑድ ጧት ነጠላዋን ለብሳ የምታስቀድስ እመቤት በቤቷ ያለችው ልጅ በዚያ ሰዓት ምን እያደረገች እንደ ሆነ ብትጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ መልሱ እሳት እያነደደች ነው የሚል ይሆናል። ልጅቱም ያችኑ ቤት ትታ ወደ ዐረብ ሀገር ብትሄድ፣ በሄደችበት ያጣችው ዕረፍት አስቀድሞ በእናት ሀገሯም ያልተሰጣት ነበር።

ስለዚህ ሱቅ በሰንበት ይዘጋ ወይስ ይከፈት ለሚለው ጥያቄ ከታሪክ የሚገኘው መልስ ይህ ነው። ሕግ በሩን መዝጋቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የመልካምነቱ መለኪያ ከበሩ በስተኋላ ያለው አገልጋይ ማረፉ ነው። በሩ ተዘግቶ አገልጋዩ ካላረፈ ትእዛዙ ግማሹ ብቻ ተፈጸመ። በሩ በግድ ክፍት የሚሆንበት ቦታ ቢኖርም፣ ሐኪም ቤትና የእንግዳ ማረፊያ እንዲህ ያሉ ናቸውና፣ ተራ ተበጅቶ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ቀን ቢያገኝ የሰንበት ምሕረት ደረሰው። ለበዓል ወደ ገዳም የሚመጣ ምእመን ጧፍና ዳቦ ሲገዛ የምትሸጥለትን ሴት፣ እግሩን ሲታጠብ ውሃ የምትቀዳለትን ልጅ መቼ ታርፊያለሽ ብሎ ይጠይቅ። ወደ ቤቱም ሲመለስ ለቤት ሠራተኛው በሳምንት አንድ ቀን ይስጥ፤ ክርስቲያን ብትሆን እሑድን፣ ሙስሊምም ብትሆን ዓርብን ይፍቀድላት። ይህን ለማድረግ የመንግሥትን ዐዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። ትእዛዙ በደጅህ ውስጥ ያለውን መጻተኛ ሲል የተናገረው ለቤቱ ባለቤት ነውና፣ ቍልፉ በእጁ ነው።