የልጅ ነፈቃ በቃዲዎች ችሎት

ባልና ሚስት ሲለያዩ የቤት ዕቃው ይከፈላል፤ ሽማግሌዎቹም ዱዓ አድርገው ይበተናሉ። የልጆቹ እንጀራ፣ ደብተርና ጫማ ግን ብዙ ጊዜ በእናትየው ትከሻ ላይ ይቀራል። «እሱን ከምለምን የሰው ልብስ ባጥብ ይሻለኛል» የምትል እኅት በየሰፈራችን አለች። እኛም ክብሯን የጠበቀች መስሎን «ጎበዝ» እንላታለን። ገንዘቡ ግን የልጁ ሐቅ ነው፤ እርሷ እንደ ራሷ ገንዘብ የምትተወው አይደለም። የጥንት ቃዲዎችም የፈረዱት በዚሁ መሠረት ላይ ቆመው ነው።

መነሻው ቁርኣን ነው። ሱረቱ አጥ-ጦላቅ በ6ኛው አንቀጽ፣ የተፈታችው እናት ልጁን ካጠባች አባት ዋጋዋን እንዲከፍላትና ሁለቱም በደግነት እንዲመካከሩ ታዛለች። 7ኛው አንቀጽ ደግሞ ባለ ሀብቱ ከሀብቱ፣ የተቸገረውም ከተሰጠው እንዲያወጣ ይደነግጋል። በአል-በቀራ 233ኛው አንቀጽ እናትም ሆነች አባት በልጃቸው ምክንያት እንዳይጎዱ ተከልክሏል። እንግዲህ ልኩ በሁለት ወገን ይታያል፤ በአንድ በኩል የልጁ ፍላጎት፣ በሌላ በኩል የአባትየው አቅም።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት የሂንድ ቢንት ዑትባ ታሪክ የታወቀ ነው። ሂንድ መካ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ስትከፈት የሰለመች ሴት ናት። ባሏ አቡ ሱፍያን እጀ ጠባብ መሆኑን፣ ለእርሷና ለልጇ የሚበቃውንም እንደማይሰጥ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነገረቻቸው። እርሳቸውም ለእርሷና ለልጇ የሚበቃውን ያህል፣ ሰው በሚያውቀው ልክ፣ ከንብረቱ እንድትወስድ ፈቀዱላት። ሂንድ የተፈታች አልነበረችም፤ ነገር ግን የልጅ ነፈቃ ከጋብቻው ጋር አብሮ ስለማይፈርስ የፊቅህ ሊቃውንት ለተፈታችውም ይህንኑ ማስረጃ አድርገዋል። የተከራከሩት በሌላ ነገር ነው። የነቢዩ ቃል ፈትዋ ነው ወይስ ፍርድ? ፍርድ ነው ያሉት፣ አባት ችሎት ባይቀርብም ቃዲ ሊፈርድበት ይችላል ብለው ተከራከሩ። ሐነፊዮች ግን በሌለ ሰው ላይ መፍረድን በጥብቅ ይገድባሉ። አባቱ ባሕር ተሻግሮ የቀረበት ልጅ በበዛበት በዛሬ ዘመን ይህ ክርክር የመጽሐፍ ወግ ብቻ አይደለም።

ኸሊፋ ዑመርም (ረ.ዐ.) ከሚስቶቻቸው ርቀው ስለዘመቱ ወንዶች ለጦር አዛዦች መጻፋቸው ተዘግቧል፤ ወይ ነፈቃ ይላኩ፣ ወይ ይፍቱ፣ ከፈቱም ያለፈውን ይክፈሉ የሚል ነበር። ደብዳቤው ስለ ሚስቶች ቢሆንም፣ ነፈቃን ማስከፈል የመንግሥትም ሥራ መሆኑ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ታየ።

የልጅ ቀለብ እንዴት ይቆረጣል? ሻፊዒዮች ለሚስት በሙድ ሰፍረው፣ በሀብታም 2፣ በመካከለኛ 1 ተኩል፣ በድሃ 1 ሙድ አሉ። ለልጅ ግን ስፍር አላኖሩም፤ የሚበቃው ሁሉ ነው አሉ። የሚጠባ ሕፃንና ቁርኣን ቤት የሚውል ልጅ እኩል አይበሉምና ጥሩ አደረጉ እንላለን።

ጠንከር ያለው ጉዳይ ያልተከፈለው ነው። የልጅ ነፈቃ የዕለት ፍላጎትን ለመሙላት ስለሆነ፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ በአባት ላይ እንደ ዕዳ አይከማችም ብለዋል ብዙ ሊቃውንት። በዚህ ሕግ ሦስት ዓመት ዝም ብላ ቆይታ የወጪ ዝርዝር ይዛ የምትመጣ እናት እጇ ባዶ ሊቀር ይችላል። ሐነፊዮች ለዚህ መላ አበጁ። እናት በጊዜ ወደ ቃዲ ትቀርባለች፤ ቃዲው ቀለቡን ይቆርጥና «በአባቱ ስም ተበደሪ» ብሎ ይፈቅድላታል። ከዚያ ከነጋዴው እህልና ዘይት በዱቤ ትወስዳለች፤ ዕዳው በአባትየው አንገት ላይ ይቀመጣል፤ ጊዜ ቢያልፍም አይወድቅም። በዑስማኒያ ዘመን የነበሩት የኢየሩሳሌምና የደማስቆ የችሎት መዝገቦች ይህን በተግባር ያሳያሉ። ለልጁ በቀን ይህን ያህል ሳንቲም ተብሎ ይጻፋል፤ የመበደር ፈቃዱም አብሮ ይመዘገባል። ጸሐፊው ለአንዲት ተራ እናት የቆረጠላት የዕለት ሳንቲም ይኸው እስከ ዛሬ ይነበባል!

እምቢ ያለውንስ? ሐነፊዮች አባት ለልጁ ባለበት ተራ ዕዳ አይታሰርም ይላሉ፤ የትንሽ ልጁን ነፈቃ ከከለከለ ግን ይታሰራል። ሌላው ዕዳ ቢዘገይ ይታገሡታል፤ የሚራብ ሕፃን ግን ቀጠሮ አያውቅም።

እናት በኹልዕ ስትለያይ «ልጁን እኔው አበላለሁ» ብላ ብትስማማስ? ስምምነቱ ይጸናል። ነገር ግን ድሃ ከሆነችና ማብላት ካቃታት አባት እንዲከፍል ይገደዳል፤ በኋላ ሲሞላላት ከእርሷ ይጠይቃል። ልጁ በወላጆቹ ውል አይራብም። በሽምግልና ፊት «ምንም አልፈልግም» ብለው የተለያዩ እናቶች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለናል።

በቅርብ ዘመን ግብፅ እ.ኤ.አ. በ2004 የቤተሰብ ፍርድ ቤቶችን አቋቁማ፣ የተፈረደውን ነፈቃ በናስር ባንክ በኩል ለእናቲቱ የሚከፍል የቤተሰብ ዋስትና ፈንድም መሠረተች። አባትየውን የሚያሳድደው እንግዲህ ባንኩ ነው። የጥንቱን ነጋዴ ቦታ ባንኩ ያዘ ማለት ነው።

በሀገራችን የቃዲዎች ችሎት በአዋጅ ቁጥር 62/1936 መልክ ያዘ፤ በ1992 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በሦስት ደረጃ ተጠናከሩ። ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብና የልጅ አሳዳሪነት በሥልጣናቸው ሥር ናቸው፤ ነገር ግን የሁለቱም ወገን ፈቃድ ያስፈልጋል። አባት «በሸሪዓ አልዳኝም» ቢል የልጁ ሐቅ አይጠፋም፤ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። በዚያው በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ቀለብን በጠያቂው ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ይለካል፤ ሁኔታው ሲለወጥም ልኩ እንዲከለስ ይፈቅዳል። ስለዚህ አምና የተቆረጠው ቀለብ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ለገባው ልጅ ካልበቃ፣ እናት መዝገቧን ይዛ እንደገና ትቀርባለች። ሥራውን ያጣ አባትም እንዲሁ ቀርቦ ያስረዳል እንጂ ዝም ብሎ መክፈሉን አያቆምም።