ፈላጊ ሲመጣ

ስሙኝማ! ዛሬ የአክታ ወሬ ይዤ መጥቻለሁ። አፍንጫችሁን አትያዙ፤ ነገሩ ሲያልቅ ትመርቁኛላችሁ።

ከሀዋሳ ወደ ዲላ ስትወርዱ፣ የጌዴኦን ምድር ከመርገጣችሁ በፊት ዳሌና ወንሾ የሚባሉ የሲዳማ ወረዳዎች አሉ። ቡናና እንሰት እንደ ልብ ነው፣ ሰውም እንደዚያው። የሳንባ ነቀርሳም፣ ቲቢ የምንለው፣ በየጎጆው ተሸሽጎ ይኖር ነበር።

ከዓመታት በፊት ደንቡ ታማሚው ራሱ ይምጣ የሚል ነበር። ሁለት ሳምንት ያሳለው ሰው ተነስቶ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ዛሬ አክታ ይስጥ፣ ነገ በማለዳ ደግሞ ይድገም። እስቲ አንዲት እናትን አስቡ። ሕፃን በጀርባዋ፣ ቡናው ደርሶ መልቀሚያ ይጠብቃታል፣ ለመኪና የሚሆን ሳንቲም የላትም። «ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» ትላለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሷ ግን መቼ ደበቀች? እያሳለች ደጃፏ ላይ ናት፤ የሚጠይቃት ነው የጠፋው።

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። በየቀበሌው ሁለት ሁለት ወጣት ሴቶች፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው ጤና ኬላ ገቡ። ክትባት፣ መጸዳጃ ቤት፣ የቤተሰብ ምጣኔ ሥራቸው ሆነ። ታዲያ ዳንኤል ዳቲኮ የሚባል ኢትዮጵያዊ ሐኪምና በርንት ሊንድትዮርን የሚባል ኖርዌያዊ አንድ ጥያቄ አነሱ፦ እነዚህ ልጆች ቲቢን ከየቤቱ ፈልገው ሊያወጡ አይችሉም ወይ?

ጥያቄውን በአፍ አላስቀሩትም። ከዳሌና ከወንሾ 51 ቀበሌዎች ተይዘው ዕጣ ተጣለ። በ30ዎቹ የኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ሳል ያለበትን መለየትና አክታ መሰብሰብ ተማሩ፤ ሕመምተኛው መድኃኒቱን ዓይናቸው እያየ እንዲውጥም ኃላፊነት ተሰጣቸው። በ21ዱ አሠራሩ እንደ ድሮው ቀጠለ። ከመስከረም 1999 እስከ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. እንዲህ ሆኖ ተቆጠረ።

ውጤቱን ስሙ። በሀገር አቀፉ ስሌት መሠረት በአካባቢው ይኖራሉ ተብሎ የተገመተ የሕሙማን ቁጥር ነበር። በድሮው አሠራር ከዚያ ግምት 69 በመቶው ተገኘ። ልጆቹ በሄዱባቸው ቀበሌዎችስ? 122 በመቶ! ከግምቱ በላይ ማለት ነው። ገማቹ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የማያውቃቸው ሰዎች ከየጎጆው ወጡ። ሴት ሕሙማን በተለይ በብዛት ተገኙ፤ የዚያች የቡና ለቃሚ እናት ዓይነቶቹ። ሕክምናው የተሳካላቸውም በድሮው አሠራር 83 ከመቶ ሲሆኑ፣ ልጆቹ በሠሩባቸው ቀበሌዎች 89 ከመቶ ሆኑ።

በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ሥራው ወደ መላው ሲዳማ ሰፋ። የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አክታውን ተቀብላ እዚያው ጤና ኬላ በቀጭን እንጨት መስታወት ላይ ትቀባዋለች። ሲደርቅ በእሳት ነበልባል ላይ ታሳልፈዋለች። በሞተር ሳይክል የሚዞረው ተቆጣጣሪ ስላይዶቹን ሰብስቦ ላቦራቶሪ ያደርሳል። እዚያ ቀለም ይነከራል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቀጫጭን ዘንጎች ብቅ ካሉ ጠላት ተገኘ። ታማሚዋ ከቀበሌዋ ሳትወጣ አክታዋ ከተማ ገብቶ ወጣ። በአሥራ አምስት ወር ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ተመረመሩ፤ ከአሥሩ ስድስቱ ሴቶች። በዓመት ከመቶ ሺህ ሰው 64 ብቻ ይመዘገብ የነበረው ሕመምተኛ 127 ሆነ። እጥፍ!

አሁን ወደ ጌዴኦ እንሻገር። የሀዋሳ፣ የዲላ፣ የወላይታ ሶዶና የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲዎች ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብረው ተመራማሪ ሲያሠለጥኑ፣ ወናጎ በሚባለው ወረዳ የተማሪዎች ሰገራ ተመረመረ። ከልጆቹ ከግማሽ በላይ ሆዳቸው ውስጥ ትል ተገኘ። ልጁ ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ «ሰነፍ» ይባል ነበር እኮ!

በዚያው በጌዴኦ ወደ ደቡብ ስንዘልቅ ገደብ ወረዳ እንደርሳለን። እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ ላድርግ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሳው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ገደብ በተፈናቃይ ተጥለቀለቀች። ብዙዎቹ «ወደ ቀያቸው ተመልሰዋል» ከተባለ በኋላ ዳግም ተሰደው መጡ። ወረቀቱ ተመላሽ ይላቸው ነበር፤ ሰዎቹ ግን ገደብ ውስጥ ጎቲቲ በሚባል ቦታ በዝናብና በረሃብ ተቀምጠው ነበር። መጋቢት 2011 ላይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ደርሰው የተራቡ ሕፃናትን ያክሙ ጀመር። ለዚህ ሥራ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ባለ ቀለም ጥብጣብ በልጁ ክንድ ላይ ይጠመጠማል። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀዩ ላይ ይቆማል፤ ያ ልጅ ዛሬውኑ ካልታከመ ለሞት የቀረበ ነው።

የአእምሮ ጤና ተመራማሪዎችም በዚያው ዓመት የጌዴኦን ተፈናቃዮች ፊት ለፊት ጠየቁ፦ እንቅልፍ ይወስድሃል? ያየኸው ነገር እየተመላለሰ ያስጨንቅሃል? ከተጠየቁት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከከባድ ድንጋጤ በኋላ የሚከተል የአእምሮ ሕመም ምልክት ታየባቸው። ራሽን አምጥተን የሄድን ሁሉ ያላየነው ቁስል ነበር።

እንግዲህ ፍርዱን ልናገር። ዳሌም፣ ወናጎም፣ ገደብም ያሳዩን አንድ ነገር ነው፦ ሕመሙ ሁልጊዜም ነበረ፤ በደንብ የተገኘው ግን ሰዎቹ ካሉበት ድረስ ተሄዶ ሲፈለግ ነው። ለድሃ አገር ምርምር ቅንጦት ነው የሚል ካለ አትስሙት። የአክታ ዕቃና የክንድ ጥብጣብ ስንት ብር ያወጣሉ? ውዱ ነገር ሳይቆጠር የቀረው ሰው ነው።

እናንተ ዲላ ላይ ጋዋን የለበሳችሁ ልጆች፣ ጥናታችሁ በእንግሊዝኛ መጽሔት ከወጣ በኋላ ሥራው አለቀ አትበሉ። ወደ ጠየቃችሁት ቀበሌ ተመለሱ። የጌዴኦ ሽማግሌዎች ሶንጎ በሚሉት ሸንጎ ላይ ሲቀመጡ ተነሱና «ከልጆቻችሁ ይህን አገኘን፣ መድኃኒቱም ይህ ነው» በሏቸው። መልስ ለሰጠ ሰው ውጤቱን መንገር ዕዳ ነው፤ ዕዳችሁን ክፈሉ።