ቃል የሌለው ዜማና ዘግይቶ የመጣ ክብር

ከወልድያ ተነሥቶ በጎብዬ በኩል ወደ ቆቦ የሚወርድ መንገደኛ ሮቢትን ሳያይ አያልፍም። በዚህ በማሽላ ሀገር ሠርግ ሲደገስ ዘፈን ማለት ግጥም ማለት ነው። አውራጁ ቃሉን ይጥላል፤ ተቀባዩ ያነሣል፤ ከበሮውና ጭብጨባው ቃሉን ተከትለው ይሄዳሉ እንጂ ከቃሉ አይቀድሙም። እኔም በዚሁ ልማድ ያደግሁ ነኝ። ተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን ሮቢት ላይ በቆመ አውቶቡስ ውስጥ፥ ሾፌሩ ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ከፍቶ ነበርና፥ ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ጥቂት ካዳመጡ በኋላ «ልጄ፥ ዘፋኙ የሚጀምረው መቼ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሙዚቃው አለቀ፤ ዘፋኙ ግን አልጀመረም። «እንግዲያማ ዳር ዳርታ ብቻ ነዋ!» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

የሙዚቃው ደራሲ ሙላቱ አስታጥቄ መሆናቸውን የተረዳሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የሽማግሌውም ፍርድ የእርሳቸው ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ ሠላሳና አርባ ዓመት አስቀድሞ በአዲስ አበባም ተፈርዶ ነበር።

ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጅማ ተወለዱ። ቤተ ሰቦቻቸው መሐንዲስ እንዲሆኑ አስበው ወደ ዌልስ ቢልኳቸው፥ እርሳቸው ልባቸው ወደ ሙዚቃ ስላደላ በለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፥ ኋላም በአሜሪካ ቦስተን ከተማ በበርክሊ ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1966 በኒው ዮርክ የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎቻቸውን አስቀረጹ፤ በ1972 ደግሞ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን አወጡ። ኢትዮ ጃዝ ብለው የሰየሙት ስልት ይህ ነው።

የስልቱን ችግር አንባቢ እንዲረዳው ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ቅኝቶቻችን ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው፤ ከእነዚህም ሁለቱ ስማቸውን ከእኛው ከወሎ አገሮች የወረሱ ናቸው። እያንዳንዱ ቅኝት በአምስት ድምፅ ይቆማል። የአውሮፓ ሙዚቃ ግን በአሥራ ሁለት ድምፅ ይሠራል፤ ድምፆችንም ደራርቦ በአንድ ጊዜ ያሰማል። አምባሰልን ወስዶ በላዩ ያለ ጥንቃቄ የፒያኖ ድምፅ የሚደራርብ ሰው፥ በቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ ያስገባና የአምባሰልነቱን ጣዕም ያጠፋዋል፤ በወጥ ላይ ውኃ እንደ መጨመር ነው። ሙላቱ ያደረጉት ዜማው በአምስቱ እንደ ቆመ ትተው፥ የቀሩትን ድምፆች ከሥር በቁጥብነት ማሰማት ነበር። በዚህም ላይ ቫይብራፎን የተባለውን፥ በተደረደሩ የብረት ቁራጮች ላይ በበትር የሚመታውን መሣሪያና የኩባን ኮንጋ ከበሮ ጨመሩበት።

ይህ ሁሉ በሀገር ቤት ወዲያው አልተወደደም። አድማጩ አዲሱን ነገር በቀላሉ እንዳልተቀበለው ራሳቸው በየቃለ ምልልሱ ተናግረዋል። የሀገሩን ዜማ በባዕድ መሣሪያ ያበላሻል የሚል ወቀሳ ነበረ።

ወቀሳው ግን ታሪክን የዘነጋ ይመስለኛል። ባዕድ መሣሪያ ወደ ሀገራችን የገባው በሙላቱ አይደለም። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን አምጥተው የነፋስ መሣሪያ ጓድ አቋቁመው ነበር፤ ኬቮርክ ናልባንዲያንም አስተማሪያቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የክብር ዘበኛ፥ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች በትራምፔትና በሳክስፎን ሕዝቡን ሲያስደስቱ ኖረዋል። ጥላሁን ገሠሠ ከፊት ቆሞ ሲያዜም ከኋላው ያለውን ሳክስፎን ባዕድ ነው ብሎ የሚከስ ብዙ ሰው አልነበረም። እንግዲህ ጥፋቱ የመሣሪያው ሳይሆን ከፊት የሚቆም ዘፋኝ ማጣቱ ነበር ማለት ነው። ቅኔ በሚወደድበት ሀገር ቃል የሌለው ዜማ ሰም የሌለው ወርቅ ሆኖ ታየ፤ የሮቢቱ ሽማግሌም የጠየቁት ይህንኑ ነበር።

ክብሩ በውጭ አገር በኩል ዞሮ መጣ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ ሥራ አራተኛውን ክፍል በ1998 ለሙላቱ ሙዚቃ ሰጠ። በ2005 ጂም ጃርሙሽ የተባለው አሜሪካዊ የፊልም ሠሪ ይህንኑ ሙዚቃ በፊልሙ ውስጥ አስገባው። ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ2007 ለምርምር ተቀበላቸው፤ እዚያም ክራርን ስለ ማሻሻል ሠርተዋል። በዚያው ዓመት ማሕሙድ አሕመድ የቢ ቢ ሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ተቀበለ። በመጨረሻም በ2012 በወጣትነት የተማሩበት በርክሊ ለሙላቱ የክብር ዶክትሬት ሰጠ፤ በዚያ ቀን አብሮ የተከበረው ኢግልስ የተባለው ዝነኛ የአሜሪካ ሮክ ባንድ ነበር። ሙላቱ ያን ጊዜ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር።

ሙላቱስ ቢዘገይም ክብሩን በስማቸው ተቀበሉ። የሚያሳዝነኝ የዋልያስ ባንድ ነገር ነው። ይህ ባንድ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ሲጫወት፥ በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ስለ ነበረ እንግዳው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ መውጣት አይችልም ነበርና፥ እስኪነጋ ድረስ ሙዚቃ ይሰማ ነበር። በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ቃል የሌለው ሸክላ አወጡ፤ ሙላቱም አብረዋቸው ተጫውተዋል። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ከጉዞውም በኋላ ከፊሎቹ ተመለሱ፥ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ፥ ባንዱም ተበተነ።

ከቀሩት አንዱ ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን አጠገብ ባለው የአውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዱ ጀመር። በ1985 ያወጡትን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 እንደ ገና አሳተመው፤ ባለ ዜማውም ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ወደ መድረክ ተጠሩ። በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ ሥራ አወጡ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ግን ኪቦርዳቸውን በታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዘው ይዞሩ ነበር፤ መንገደኛ እስኪመጣ ድረስ በመኪናው ውስጥ ተቀምጠው ይለማመዱ ነበር።