ቀስት አይታረስም፤ ይገራል

ሶዶ ከተማ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። የእህቴ ልጅ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ቀስት እየሠራ ነው። ስልኩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ የአንድ የውጭ አገር ባለሙያ ቪዲዮ ያያል፤ ከሥሩ የአማርኛ ጽሑፍ ይሮጣል። ባለሙያው እንጨቱን ከማቆሚያ ላይ ሰቅሎ፣ አውታሩን በገመድ ወደ ታች እየሳበ፣ ራቅ ብሎ ጉብጠቱን ይመረምራል። በዚህ መሃል ጽሑፉ «አሁን ቀስቱን እናርሳለን» አለ። ልጁ ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ ቀስት እንዴት ነው የሚታረሰው?» ሲል ጠየቀኝ።

ጥያቄው የሚገባ ነው። የሚያሳዝነው ግን «ማረስ» በዚያ ቪዲዮ ብቻ አለመቅረቱ ነው። ከዚያ ወዲህ «የቀስት እርሻ» የሚል አይቻለሁ፤ «ቀስቱን በደንብ እረሰው» ብሎ የሚመክርም ሰምቻለሁ። ይህን ያልወደዱት ደግሞ እንግሊዝኛውን እንዳለ ይዘው «ቲለር ማድረግ» ይላሉ። አንዱ የተሳሳተ ትርጉም ነው፤ ሌላው ጨርሶ ትርጉም አይደለም።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። «ቲለር» የሚባሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ድምፃቸው አንድ፣ ዘራቸው ግን ለየቅል ነው። አንደኛው አራሽ ማለት ነው። ሌላው የጀልባን መቅዘፊያ የሚያዞረው እጀታ ሲሆን፣ በጥንት ጊዜ ደግሞ በአግድም የሚተኮሰው ባለ ምላጭ ቀስት የሚያርፍበት እንጨት ስም ነበር። የቀስት ሠሪዎቹ ቃል የሚወለደው ከዚህ ከሁለተኛው ነው። የሁለተኛው ሐረግ ወደ ኋላ ሲቆጠር ወደ ጥንታዊው ፈረንሳይኛ ይወስደናል፤ በዚያ ቋንቋ «ተሊየ» የሸማኔ ዕቃ እንጨት ነበር፤ ከላቲኑ «ቴላ»፣ ማለትም ከድርና ማግ የወጣ። እንግሊዞች ለቀስት ሥራቸው ቃል የተበደሩት ከሸማኔ ጉድጓድ ነው ማለት ነው። ዱንጉዛ በሚሸመንባት በወላይታ ምድር ተቀምጦ የሸማኔን ቃል «እርሻ» ብሎ መተርጎም እንዴት ያለ መንገድ መሳት ነው!

ነገሩ ራሱ አጭር ነው። ቀስት ሲሳብ ሁለቱ ክንዶች እኩል መጉበጥ አለባቸው፤ ጉብጠቱም በአንድ ቦታ ሳይሰበሰብ በክንዱ ሁሉ መከፋፈል አለበት። ጀማሪ ከባዱን ክፍል መጥረቡ ይመስለዋል። ከባዱ ግን ከተጠረበ በኋላ የሚመጣው ነው፤ ጥቂት መሳብ፣ ማየት፣ ጥቂት መፋቅ፣ እንደገና መሳብ። ይህ ተደጋግሞ፣ እንጨቱ እስከሚፈለገው ርቀት ድረስ ሳይሰበር እንዲጎብጥ የማድረጉ ሥራ ነው ስም ያጣው።

የልጁ እንጨት የወይራ ፍልጥ ነው፤ ከማድቤት ጭስ በላይ ከዓመት በላይ ተሰቅሎ የደረቀ። ርጥብ እንጨት ጎብጦ ስለሚቀር ለጀማሪ አይመከርም። ጀርባውን፣ ማለትም ወደ ዒላማው የሚዞረውን ፊት፣ ልጣጩን ብቻ አንሥቶ ሳይነካው ትቶታል፤ ቀስት ሲሳብ የሚለጠጠው እሱ ስለሆነ የእንጨቱ ቃጫ ከተቆረጠ ስብራቱ ከዚያ ይነሣል። የሚፋቀው ወደ ተኳሹ የሚዞረው ሆዱ ነው። በምሳር ጠርቦ፣ በሞረድ አስተካክሎ፣ አሁን በጠርሙስ ስባሪ እየፋቀ ነው፤ የዱላ ሠሪዎች ዘዴ ነው። እንደ ወረቀት የሳሳ ፍቅፋቂ ጉልበቱ ላይ ይረግፋል። አውታሩን ሳብ ሲያደርገው ግራው ክንድ ከእጀታው አንድ ስንዝር ርቆ እንደ ክርን ታጠፈ። እጁ ወዲያው ወደዚያው ቦታ ሄደ። ያዝኩት። የታጠፈው ቦታ የሳሳው ነው፤ እሱን መፋቅ ቀስቱን መስበር ነው። የሚፋቀው አልታጠፍም ያለው፣ ከግራና ከቀኙ ያለው ደንዳናው ነው። «የጎበጠውን ተወው፤ ያልጎበጠውን ፋቀው» አልኩት። በእርሳስ ምልክት አደረገና ደንዳናውን ይፋቅ ጀመር።

ታዲያ ይህን ሥራ ምን እንበለው? ያነጋገርኳቸው ሰዎች መጀመሪያ የሰጡኝ «ማስተካከል»ን ነው። ቃሉ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ወንበርም ይስተካከላል፣ ሰዓትም ይስተካከላል፣ ሒሳብም ይስተካከላል። ሁሉን የሚል ቃል ይህንን አይልም። «ማመጣጠን» ትንሽ ይቀርባል፤ የሁለቱን ክንዶች እኩልነት ይይዛል። የሚጎድለው ጊዜው ነው፤ እንጨቱ ቀስ በቀስ እየተለማመደ መሄዱን አይናገርም። «ማረቅ» ያሉኝም ነበሩ። ውብ ቃል ነው፤ ግን ማረቅ የተጣመመውን ማቅናት ነው፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ቀጥ ያለውን በወግ ማጉበጥ። አቅጣጫው ተገላበጠ።

ለጥቂት ቀናት ልቤን የያዘው «መንደፍ» ነበር። ይህ ቃል ከቀስት ጋር ያለው ቁርኝት ጥንታዊ ነው፤ በግእዝ ነደፈ ማለት ወጋ፣ በፍላጻ መታ ማለት ነው። ንብ ትነድፋለች፣ እባብ ይነድፋል። ጥጥም ይነደፋል፤ የሚነደፈውም በደጋን ነው፤ ያው የቀስት ቅርጽ ባለው፣ አውታሩ እየተመታ ጥጡን በሚያባዝተው መሣሪያ። አውታር ራሱ በገናውንም ቀስቱንም የሚያገለግል ጅማት ነው፤ ዛሬ «የመንገድ አውታር» ስንል የተወጠረ ጅማት በአፋችን መኖሩን ረስተነዋል። ንድፍም ከዚሁ ከነደፈ ቤት ወጥቶ የሕንፃና የሕግ ረቂቅ ሆኗል። ይህን ሁሉ ስቆጥር ደስ አለኝ፤ ግን በዚሁ ምክንያት ተውኩት። የተሸከመው በዝቷል። «ቀስት መንደፍ» ብል አንዱ መሳል፣ ሌላው መተኮስ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ቅሬታ ልጨምር። «ቀስት ውርወራ» የሚለው የስፖርት ስም ከ«ማረስ» በፊት የተስፋፋ ጥፋት ነው። የሚወረወረው ጦር ነው፤ የሚወረወረው የሸማኔው መወርወሪያ ነው። ቀስት በእጅ ይቀራል፤ ከእሱ የሚወጣው ፍላጻ ነው። ቀስት የጎበጠው እንጨት መሆኑን የሚጠራጠር ካለ ወደ ሰማይ ይመልከት፦ ቀስተ ደመና ጎባጣ እንጂ ሹል አይደለም። ደግሞ «ደገነ» የሚል ግስ ሳለን! ደጋን የዚህ ግስ ልጅ ነው። ዛሬ «መሣሪያ ደገነበት» ስንል ጠመንጃው የቀስቱን ቃል ወርሶ ነው የምንናገረው። ዕቃው ከአብዛኞቻችን እጅ ጠፍቶ ቃሉ ቀርቷል። ሆኖም ከሁላችንም እጅ አልጠፋም፤ ጉሙዞች ቀስታቸውን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይዘው ኖረዋል፤ ስለዚህ ስለ ቀስት በአማርኛ መጻፍ ስለ ባዕድ ነገር መጻፍ አይደለም።

የኔ ምርጫ «መግራት» ነው።

በቅሎ ትገራለች፣ ፈረስ ይገራል። ያልተገራ ፈረስ ኀይል የለውም አይባልም፤ ኀይሉ ገና ከሰው ጋር አልተስማማም እንጂ። ጠርበን ያነሣነው እንጨትም እንዲሁ ነው። በአንድ ቀን እስከ መጨረሻው ከሳብነው ይሰበራል፤ ዛሬ አንድ ጋት፣ ነገ አንድ ስንዝር እያልን ብንሄድ ይለምዳል። ገሪው በሬውን እስኪለምድ ቀንበር እንደሚያስይዘው፣ ቀስት ሠሪውም እያንዳንዱን ፍቂያ ተከትሎ ደጋግሞ በቀስታ ይስባል። ከግእዙ ገረረ፣ አግረረ ጋር ያለው ዝምድናም ለጆሮ ይሰማል፤ መገዛትና ማስገዛት። በአማርኛ ግን ቃሉ ለስልሷል፤ ገር ሰው፣ ገራም ልጅ፣ የተገራ አንደበት እንላለን። ጉልበትን ሳያጠፋ ሥርዓት ማስያዝ ማለት ነው። ከዚህ በላይ የሚገጥም ቃል አላገኘሁም።

ቃል ለሥራ ሲመጣ የሚፈተነው በመራባቱ ነው። «ቲለር ማድረግ» መካን ነው፤ ከእሱ ሌላ ቃል ማውጣት አይቻልም። መግራት ግን ወዲያው ይራባል። ቀስቱ ተሰቅሎ የሚሳብበት ማቆሚያ መግሪያ ይሆናል። ለዚሁ ሥራ የሚታሰረው ረጅም ጅማት የመግሪያ አውታር ነው። ሠሪው ገሪ፣ ያለቀው የተገራ ቀስት፣ አንደኛው ክንዱ አልታዘዝ ያለው ያልተገራ ነው። ይህን ሁሉ ለልጁ ሳላብራራ ነው የነገርኩት፤ አንዱንም መልሶ አልጠየቀኝም።

«እንጨት ነፍስ የለውም፤ እንዴት ይገራል?» ብሎ የተከራከረኝ ወዳጅ አለ። አንደበትስ ለብቻው ነፍስ አለው? ማንኛውም አናጢ «እንጨቱ እምቢ አለኝ» ሲል ሰምተን አናውቅም? አማርኛ ዕቃን እንደ ሰው ማናገር የለመደ ቋንቋ ነው፤ ይህን ልማዱን ለሥራችን ብንጠቀምበት ነውር የለውም።

ይህን የምጽፈው ስለ አማርኛ ነው። በዚያ በረንዳ ላይ አናጢውና ደንበኞቹ የሚነጋገሩት በወላይትኛ ነው፤ ወላይትኛ ቃሉን ከራሱ አዋቂዎች ይውሰድ። ከወላይታ የበለጠ ስለ ተገጣጠመ ቃል የሚያውቅ አገርም የለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ ከሚሉት ስሞች የፊት የፊቱ ተቆርጦ «ወጋጎዳ» የሚባል የጋራ ቋንቋ ተሠራ፤ መማሪያ መጽሐፍም ታተመበት። ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ ነገር ግን በዚያ ስም የሚጠራ ቋንቋ አፉን የፈታበት አንድም ሕፃን አልነበረም። ሶዶ ተቃወመች፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጽሐፉ ተነሣ፤ ወላይታም የራሱ ዞን ሆነ። የቀስት ሠሪዎች ቃል ያንን ያህል ክብደት እንደሌለው አውቃለሁ። ግን ከላይ የወረደ ቃልና ከአፍ የተገኘ ቃል ልዩነት እዚያ በደም ታይቷል፤ እዚያው ከተማ ተቀምጬ ስለ ቃል ሳስብ ልረሳው አልቻልኩም።

ስለዚህ የቪዲዮ ጽሑፍ የምታርሙ፣ ስለ እጅ ሥራ በአማርኛ የምትጽፉና የምታስተምሩ ሁሉ፣ ልመናዬ አንድ ነው። የኮምፒውተር ትርጉሙ «ማረስ» ብሎ ሲሰጣችሁ አጥፉትና «መግራት» ብላችሁ ጻፉ። ከዚህ የተሻለ ቃል ያለው ካለም ከነምክንያቱ ያምጣው፤ በደስታ እቀበለዋለሁ። የእህቴ ልጅ ቀስት እስካሁን መግሪያው ላይ ነው፤ ግራው ክንድ ገና አልተገራም።